ለሚያስል ጥጃ ከመርፌው በፊት የእበት ምርመራ ይቅደም

ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፤

በሰሜን ሸዋ ደጋ መስከረምና ጥቅምት ሣሩም ወተቱም የሚበዛባቸው ወራት ናቸው፤ ጥጆችና ጊደሮች ማሳል የሚያበዙትም በዚሁ ወቅት ነው። ከባሶና ወራና እስከ መንዝ፣ ከአንጎለላና ጠራ እስከ ሞረትና ጅሩ ድረስ አርቢው ይህን ሳል «ብርድ መታው» ብሎ ያልፈዋል። ሳሉ ሲጠናበት ከብቱን ወደ ክሊኒክ ይነዳል፣ ወይም መርፌ የሚወጋ ባለሙያ ቤቱ ድረስ ይጠራል፤ የሚወጋውም አብዛኛውን ጊዜ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ነው። ለብዙ ዓመታት በእንስሳት ጤና ሥራ ላይ የቆየሁ፣ ዛሬ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብዬ ጥቂት የወተት ላሞች የማረባ ሰው ነኝ። ክረምቱ ሊወጣ በተቃረበበት በአሁኑ ሰዓት ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት፣ ከሳሉ ምክንያቶች አንዱ የሆነው የሳንባ ትል በየወረዳችን የሚታለፈው ለማወቅ አስቸጋሪ ስለሆነ ሳይሆን የሚገባው ምርመራ ስለማይደረግለት ነው ብዬ ስለማምን ነው።

የቀንድ ከብትን የሚያጠቃው የሳንባ ትል ሳይንሳዊ ስሙ ዲክቲዮካውለስ ቪቪፓረስ ይባላል። ያደገው ትል ነጭ ክር የመሰለ፣ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሲሆን፣ መኖሪያው የአየር ቧንቧውና ወደ ሳንባ የሚገቡት ቅርንጫፎቹ ናቸው። ሴቷ የምትጥለው እንቁላል እጩን፣ ማለትም ገና ያላደገውን ትል፣ በውስጡ ይዞ የሚወጣ በመሆኑ ሳይቆይ ይፈለፈላል፤ ከብቱ ሲያስል እጩ ወደ ጉሮሮ ይመጣና ይዋጣል፤ ከዚያም በአንጀት አልፎ ከእበት ጋር ይወጣል። አንባቢ ይህችን ነጥብ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ከእበቱ ጋር የሚወጣው እንቁላል ሳይሆን እጭ ነው። ወደ ምርመራው ጉዳይ ስደርስ እመለስበታለሁ።

እጩ እርጥበትና መጠነኛ ሙቀት ካገኘ በ5 ቀን ገደማ ከብት ሊይዝ ወደሚችልበት ደረጃ ይደርሳል፤ ብርዱ ከበረታ ዕድገቱ ይዘገያል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ምንም አይመገብም፣ በሰውነቱ ውስጥ ባለው ስንቅ ብቻ ይቆያል። በራሱ ሩቅ የማይሄድ ዘገምተኛ ፍጥረት ስለሆነ ከእበቱ ወደ ሣሩ የሚያሻግሩት ዝናብ፣ የከብት ኮቴና የከብቱ ተቅማጥ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የሚደንቀው ግን በእርጥብ እበት ላይ የሚበቅለው ፒሎቦለስ የሚባለው ጥቃቅን ሻጋታ ነው። ይህ ሻጋታ አናቱ ላይ ያለውን የዘር ከረጢት እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ያስፈነጥረዋል፤ እጩም በሻጋታው ግንድ ላይ ወጥቶ ከከረጢቱ ጋር እስከ 3 ሜትር ሊወረወር ይችላል። ከብት በእበት ዙሪያ የበቀለውን ሣር ተጸይፎ እንደሚተወው እረኛ ሁሉ ያውቃል፤ ሻጋታው ግን እጩን ከዚያ ከተጸየፈው ክበብ አውጥቶ ከብቱ ወደሚግጠው ሣር ያደርሰዋል።

ከሣር ጋር የተዋጠው እጭ የአንጀትን ግድግዳ በስቶ በንፍፊትና በደም ሥር በኩል ይጓዝና በአንድ ሳምንት ገደማ ሳንባ ይደርሳል። ከዚያ አድጎ የራሱን እጭ እስኪያወጣ ድረስ፣ ከተዋጠበት ዕለት ጀምሮ ሲቆጠር፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። በመጀመሪያ የሚታየው ከብቱ ሲነዳ ወይም ሲሮጥ የሚመጣ ሳል ነው፤ ቀጥሎ ቆሞም ማሳል ይጀምራል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ የምትታለብ ላም ከሆነችም ወተቷ ይጎድላል። የባሰበት አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶና ምላሱን አውጥቶ ይተነፍሳል። ሌላ ተደራቢ በሽታ ከሌለበት በቀር ከፍተኛ ትኩሳት የለውም፤ ብዙዎቹ ጥጆችም እያሳሉ መብላታቸውን አያቋርጡም። አርቢው «ይበላል እኮ» ብሎ የሚዘናጋውም ለዚህ ነው።

ደጋችን ለዚህ ትል የተመቸ ነው። ክረምቱ እርጥብ ነው፣ የበልግ ዝናብ የሚያገኙ ወረዳዎች ደግሞ ሁለተኛ እርጥብ ወቅት አላቸው፤ የወንዝ ዳር ጨፌዎች በጋውንም ቢሆን ፈጽመው አይደርቁም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሚወርደው ውርጭ ትሉን ያጠፋዋል ብለው የሚያምኑ አርቢዎች አጋጥመውኛል፤ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ይኸው ትል በአውሮፓ የግጦሽ መሬት ላይ ቀዝቃዛውን የአውሮፓ ክረምት አሳልፎ በጸደይ ጥጆችን ይይዛል። እጩን የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን ድርቀቱ ነው። ስለዚህ የእኛ ረጅም በጋና ፀሐይ ትልቅ አጋዦች ናቸው፤ በበጋ እናቶቻችንና እህቶቻችን እበት ከመስኩ ለቅመው ኩበት መጠፍጠፋቸውም፣ ማንም ለዚህ ብሎ ያደረገው ባይሆንም፣ መስኩን ያጸዳል። ችግሩ ክረምት ላይ ኩበት አይደርቅም፤ እበቱ የሚለቅመው አጥቶ መስክ ላይ ይቀራል፤ ይህም እጩ በጣም በሚመቸው ወቅት መሆኑ ነው። በበጋ ደግሞ ትሉ ሳል በማይታይባቸው ጥቂት ተሸካሚ ከብቶች ሳንባ ውስጥ፣ አንዳንዴም ዕድገቱን አቁሞ፣ ቀጣዩን ዝናብ ይጠብቃል።

በሽታው የሚጸናው ትሉን ከዚህ ቀደም ባላየ ከብት ላይ ነው። አንድ ጊዜ ታሞ የዳነ ወይም በየጊዜው ጥቂት እጭ እየዋጠ ያደገ ከብት ጥሩ መከላከያ ያዳብራል፤ መከላከያው ግን ከትሉ ጋር ሳይገናኝ ብዙ ከቆየ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህም የመጀመሪያው ተጠቂ ጡት ጥሎ ገና መስክ የወጣው ጥጃ ነው። ሆኖም ዕድሜ ብቻውን አያድንም። በደብረ ብርሃን፣ በጫጫና በሸኖ መንገድ ግራና ቀኝ የወተት ላም ርባታ እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ተወልደው እስኪወልዱ ድረስ በረት ውስጥ ድርቆሽና ፋግሎ እየበሉ የሚያድጉ ድቅል ላሞችም በዝተዋል። የመኖ ዋጋ ሲንር ባለቤቱ እንዲህ ያለችውን ላም ድንገት ጨፌ ላይ ይለቃታል፣ ወይም ከብት ከሚውልበት ጨፌ እርጥብ ሣር አሳጭዶ ያቀርብላታል። «ላሟ ትልቅ ናት፣ የጥጃ በሽታ አይዛትም» የሚለው አነጋገር ለእንዲህ ዓይነቷ ላም አይሠራም፤ ሳንባዋ ትሉን የሚያውቀው ገና ያን ዕለት ነውና።

አሁን ወደ ምርመራው ልምጣ፤ የደብዳቤዬ ዋና ነገርም ይህ ነው። አርቢው እበት ይዞ ወደ ወረዳ ክሊኒክ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራለት እበቱን በጨው ውሃ አንሳፍፎ የትል እንቁላል መፈለግ ነው፤ የጉበት ትል ከተጠረጠረም እበቱ በውሃ ይዘቅጥና እንቁላሉ ከሥር ይፈለጋል። ሁለቱም የተመሰከረላቸው ዘዴዎች ናቸው፣ የሚፈልጉት ግን እንቁላል ነው። የሳንባ ትል እንቁላል ደግሞ እበቱ ከመውጣቱ በፊት ተፈልፍሎ አልቋል፤ እጩም በጨው ብዛት ተጨማድዶ ለመለየት ያስቸግራል። በዚህ መንገድ «ትል የለም» የሚል ውጤት ተሰጥቷት፣ እያሳለች ወደ ቤቷ ተመልሳ፣ መርፌ እየተደጋገመላት ከስታ ያለቀች የጎረቤት ጊደር አውቃለሁ። የመረመራት ባለሙያ አልዋሸም፤ የፈለገው ነገር በእርግጥም አልነበረም።

ለሳንባ ትል የሚስማማው ምርመራ ቤርማን በሚባል ሰው ስም የሚጠራው ሲሆን፣ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1917 ይፋ ካደረገው ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። የሚያስፈልገው ዘይት ወደ ጠርሙስ የምንገለብጥበት ዓይነት ኢምቡቶ፣ ጫፉ ላይ የሚገባ አጭር የጎማ ቱቦ፣ ቱቦውን የሚዘጋ መቆንጠጫ፣ ጎዝ (ስስ የቁስል ጨርቅ)፣ ለብ ያለ ውሃና ማንኛውም ማይክሮስኮፕ ነው። ጥቂት ትኩስ እበት በጎዝ ተጠቅልሎ ኢምቡቶው ውስጥ ካለው ውሃ ጋር ተነካክቶ ያድራል፤ እጮቹ ከእበቱ ወጥተው ውሃው ውስጥ ይገባሉ፤ ወደ ላይ መዋኘት ስለማይችሉም ወደ ቱቦው ሥር ይዘቅጣሉ። ጠዋት መቆንጠጫው ላላ ተደርጎ ከሥር የተቀዳው ጥቂት ጠብታ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የምርመራ ኬሚካል (ሪኤጀንት) አይገዛለትም፣ መብራት ቢጠፋም አይበላሽም። ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አሉት። አንደኛ፣ እበቱ ከከብቱ ፊንጢጣ በቀጥታ ተወስዶ በዚያው ቀን መሠራት አለበት፤ መሬት ላይ ከዋለ የአፈር ትሎች ይገቡበትና መርማሪውን ያሳስቱታል። ሁለተኛ፣ ከመንጋው አንድ ከብት ብቻ መርምሮ «የለም» ማለት አይበቃም። ትሉ ገና ሳይጎለምስ በሚያስልባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና መከላከያ ባላቸው ትልልቅ ላሞች ላይ ሳል እያለ እበቱ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከሚያስሉት ከብዙዎቹ መውሰድ ይሻላል።

አንቲባዮቲኩ ለምን እንደሚደጋገምም መረዳት ይገባል። በትል የቆሰለ ሳንባ በቀላሉ ለባክቴሪያ ይጋለጣል፤ መርፌው ይህን ተደራቢ በሽታ ሲያበርድ ከብቱ ለጥቂት ቀናት ይሻለዋል፤ አርቢውም ባለሙያውም «መድኃኒቱ ሠራ» ይላሉ። ትሉ ግን እዚያው አለ። ሳሉ ተመልሶ ሲመጣ ሌላ መርፌ ይከተላል፤ በዚህ መሃል የሚባክነው ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን የሚለማመዱበት አጋጣሚም ይሰፋል።

ይህን ስል ሳል ሁሉ ከትል ነው ማለቴ አይደለም። ሳሉ ከከፍተኛ ትኩሳት ጋር ከመጣ፣ ከብቱ ክርኖቹን ከደረቱ አራርቆ እየተቃሰተ የሚቆም ከሆነና በመንጋው ውስጥ ትልልቆቹም በተከታታይ የሚታመሙ ከሆነ ተላላፊው የሳንባ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ ከብት ሳያንቀሳቅሱና ወደ ገበያ ሳያወጡ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያውኑ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ለረጅም ጊዜ እያሳለች የምትከሳ የወተት ላም ደግሞ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሊኖርባት ይችላል፤ ይህ በጥሬ ወተት ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። የሳንባ ትል ግን ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በወተትም በሥጋም አይመጣም።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ አልቤንዳዞል፣ ፌንቤንዳዞል፣ ሌቫሚሶልና አይቨርሜክቲን ትሉን ይገድላሉ። ስለዚህ ችግራችን የመድኃኒት ዓይነት እጥረት ሳይሆን የመጠን ጉዳይ ነው። አልቤንዳዞል ለቀንድ ከብት የሚሰጠው በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 7.5 ሚሊ ግራም ነው። በገበያ ላይ ባለ 300 ሚሊ ግራም እና ባለ 2500 ሚሊ ግራም ቦለስ፣ ማለትም የእንስሳት ክኒን፣ ይሸጣል፤ የመጀመሪያው 40 ኪሎ ለሚመዝን እንስሳ፣ ሁለተኛው 330 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ላም ወይም በሬ ይበቃል። 100 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ 750 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ገበያ ቀን አንዲት ባለ 300 ሚሊ ግራም የበግ ክኒን ገዝቶ ለዚህ ጥጃ የሚያውጠው ሰው ከሚያስፈልገው ግማሹን እንኳ አልሰጠውም። እንዲህ ያለው ጎዶሎ መጠን ደካሞቹን ትሎች ገድሎ ብርቱዎቹን ለዘር ያስቀራል። ሚዛን ባይኖር እንኳ የደረት ዙሪያ ተለክቶ ክብደት የሚገመትበት ሜትር አለ፤ መድኃኒት ሻጮች ከክኒኑ ጋር ይህን ሜትር ቢይዙ ምንኛ በጠቀሙን። አልቤንዳዞል በእርግዝናዋ መጀመሪያ፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ 45 ቀናት ውስጥ ላለች ላም አይሰጥም፤ ሌቫሚሶል ደግሞ ከመጠኑ ካለፈ ለሃጭ ማዝረብረብና መንቀጥቀጥ ስለሚያስከትል በግምት የሚሰጥ አይደለም። ሕክምናው ከተደረገም በጊዜ ይሁን፤ አፉን ከፍቶ መተንፈስ የጀመረ ከብት ትሎቹ ቢሞቱለትም ሳንባው ቶሎ አይመለስለትም፣ አንዳንዱም ከመድኃኒቱ በኋላ ይብስበታል። እንዲህ ያለውን ያለ ሐኪም ማከም አይገባም።

አይቨርሜክቲንን በሚመለከት ለወተት አምራቾች የምናገረው አንድ ነገር አለኝ። ይህ መድኃኒት በወተት ይወጣል፤ ስለሆነም ወተቷ ለሰው በሚውል ላም ላይ ሊወጋ አይገባም። በጾም ወራት ወተት ገዢ ስለሚያጣ «ለቅቤ ይሁን» ብለው በዚያን ጊዜ የሚያስወጉ አሉ። መድኃኒቱ ግን በስብ የሚሟሟ በመሆኑ ከቅባቱ ጋር ይሄዳል፤ ወተቱን ንጦ ቅቤ ማድረግ መድኃኒቱን አያስቀረውም፣ እንዲያውም ወደ ቅቤው ይሰበስበዋል።

በጎችንና አህዮችን በዚህ ጉዳይ የሚወቅሱ ስላሉ ባጭሩ ልመልስ። የመንዝ በግም ፍየልም የራሳቸው የሳንባ ትሎች አሏቸው፤ ዋነኛው ዲክቲዮካውለስ ፊላሪያ ነው፤ ሌሎቹ ደግሞ በቀንድ አውጣና በዛጎል አልባ ዘመዶቹ በኩል ይተላለፋሉ። የአህያው ትል ሌላ ነው፤ አህያዋን ሳያስላት አብሯት የሚግጠውን ፈረስ ያስለዋል። ስለዚህ የጥጃው ሳል ምንጭ በአብዛኛው ያው ሌላ ከብት ነው።

መከላከሉ ላይ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ አንድ ነገር በእጃችን አለ። በየቀበሌው ክረምቱን ሙሉ ከብት ሳይገባበት ለድርቆሽ የሚጠበቅ ክልክል አለ። በወጉ የደረቀ ድርቆሽ እጭ አይኖርበትም፤ ሣሩ ታጭዶ ከተነሣ በኋላ የሚያቆጠቁጠውም ወራቱን ሁሉ እበት ያላረፈበት በመሆኑ ከወል መስኩ የተሻለ ንጹሕ ነው። ልማዳችን ግን ይህን ቡቃያ ለእርሻ በሬና ለምትታለብ ላም ማስቀደም ነው፤ ጥጆቹ በእበት በተሞላው የሰፈር ጨፌ ይቀራሉ። በሬው ትሉን ለምዶታል፤ ጥጃው አልለመደውም። ቅደም ተከተሉን ብንገለብጠውና ጥጆቹን ከክልክሉ ብናስቀድም፣ ብዙ መድኃኒት ሳንገዛ የምናድናቸው ይኖራሉ ብዬ አምናለሁ። በሬውን ያህል የሚከበር ከብት በሌለበት አገር ይህን ሐሳብ ማቅረብ ድፍረት እንደሚመስል አውቃለሁ።

ክትባትም አለ። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጩን በጨረር አዳክመው በአፍ የሚሰጥ ክትባት ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ገበያ ላይ ውሏል፤ 8 ሳምንት ለሞላቸው ጥጆች በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጣል። በሕይወት ያለ እጭ የያዘ በመሆኑ የአገልግሎት ጊዜው አጭር ነው፣ ቅዝቃዜውም ሳይቋረጥ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ለእኛ ቀበሌዎች መጀመሪያ የሚታሰበው እርሱ አይደለም።

በመጨረሻም የምጠይቀው ይህን ነው። የዞኑ የእንስሳት ጤና ኃላፊዎች ለእያንዳንዱ የወረዳ ክሊኒክ ጥቂት ኢምቡቶና ጎዝ እንዲያሟሉና ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች የቤርማንን አሠራር በአጭር ሥልጠና እንዲያስታውሱ፤ የሚያስል ከብት ሲመጣም በመመዝገቢያው ላይ የእንቁላልና የእጭ ምርመራ ውጤት ለየብቻ እንዲጻፍ። በደብረ ብርሃን ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልና ዩኒቨርሲቲው በበግ ላይ የሠሩትን ያህል ለጥጃ ሳንባም ጊዜ ቢሰጡ፣ የትኛው ወረዳ በየትኛው ወር መድኃኒት መስጠት እንዳለበት ከግምት ወጥተን መነጋገር እንችል ነበር። ቄራዎችም ሳንባ ሲያዩ የአየር ቧንቧውን እስከ ቅርንጫፎቹ ሰንጥቀው ቢመለከቱና ያገኙትን ቢመዘግቡ ያለ ተጨማሪ ወጪ መረጃ ይሰበሰባል። በሠፈር ቅርጫ የሚያርዱ ወገኖችም ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ፤ አረፋ ከተሞላ ቧንቧ ውስጥ ነጫጭ ክር ካገኙ ለቀበሌያቸው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይንገሩ። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበትን ሳንባ ግን ለውሻ እንዳይጥሉ አደራ እላለሁ፤ እርሱ ከውሻ ወደ ሰው የሚመጣ የሌላ ትል ቋት ስለሆነ በጥልቅ ጉድጓድ መቀበር አለበት።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የወተት ላም አርቢ
ከባሶና ወራና፣ ሰሜን ሸዋ